ታሪክን ከአያቶች ደጅ ወደ ክፍል ማምጣት፦ ለጎጃም የታሪክና የማኅበራዊ ሳይንስ መምህራን ዝርዝር መመሪያ

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አድዋ በየትኛው ዓመት እንደተካሄደ ሲጠየቅ ሳያመነታ ይመልሳል። የጎጃም ጦር በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተመርቶ እዚያ መሰለፉን ግን ብዙውን ጊዜ አያውቅም። አያቱ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አንከፍልም ካሉት ገበሬዎች አንዱ እንደነበሩም ቤቱ ውስጥ ማንም አልነገረው ይሆናል። መጽሐፉን ከፍቶ የሚያነበው የሌላ አገር ሰው ሕይወት ይመስለዋልና ለፈተና ያጠናዋል፣ ከፈተና በኋላ ይረሳዋል።

ይህ መመሪያ አንድ ነገር ላይ ያተኩራል፦ ተማሪው አከራካሪ ጥያቄ ተሰጥቶት፣ ማስረጃውን ከራሱ ቀበሌ ሰብስቦ፣ ራሱ እንዲፈርድ ማድረግ። ሥልሳና ከዚያ በላይ ተማሪ በሚቀመጥበት፣ መጽሐፍ ለሁለት ለሦስት በሚዳረስበት ክፍል የሚሠራ ዘዴ ነው። የሚያስፈልገው ጠመኔ፣ ደብተርና ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ነው። ለምሳሌነት ከዳር እስከ ዳር የምከተለው የ1960 ዓ.ም.ን የግብር ዓመፅ ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ ጥያቄውን መምረጥ

ሥራው ሁሉ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ጥያቄ ሦስት ነገር ያሟላል። ሁለት ሐቀኛ ሰዎች በቅንነት የተለያየ መልስ ሊሰጡበት ይችላሉ። ማስረጃው ተማሪው በእግሩ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ይገኛል። ነገሩም ዛሬ የሚኖረውን ሕይወት ይነካል። «የ1960ው ዓመፅ መቼ ተጀመረ?» የሚለው መልሱ አንድ ስለሆነ አያከራክርም። «የጎጃም ገበሬ እምቢ ያለው ግብሩን ነው ወይስ ገዥዎቹን?» የሚለው ግን ክፍሉን ለሁለት ይከፍላል።

ሌሎችም አሉ። ለቢቸናና ለአካባቢው ተማሪዎች «ጣሊያንን አምስት ዓመት የተዋጋው በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በገዛ መንግሥቱ ለምን ተሰቀለ?» ከሚለው የበለጠ የሚያነቃ ጥያቄ አላውቅም። አንጋፋ ክፍል ካላችሁ የ1874ን የእምባቦ ጦርነት ውሰዱ፦ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና ንጉሥ ምኒልክ የተዋጉት በሆሮ ጉዱሩ ምድር ነው፤ ስለዚህ ይህን ጦርነት ደብረ ማርቆስ ያለ ተማሪ፣ ሸዋ ያለ ተማሪና ከዓባይ ማዶ ያለ የኦሮሞ ተማሪ እንዴት እንደሚማሩት ጠይቁ። እንጅባራና ዳንግላ ለምታስተምሩ ደግሞ በየዓመቱ ጥር 23 የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል አለላችሁ፤ ፈረስ ከጦር ሜዳ ወደ በዓል ሜዳ እንዴት እንደተሻገረ አባቶች ይናገራሉ።

በአንድ መንፈቀ ዓመት ከሁለት እንዲህ ያለ ጥያቄ በላይ አትያዙ። የቀረውን የመጽሐፍ ይዘት በተለመደው ፍጥነት ሂዱበት። ይዘቱ አያልቅም ብለው የሚሰጉ ባልደረቦች ስጋታቸው ትክክል ነው፤ መፍትሔው ግን ሁሉንም እኩል ስስ አድርጎ ማስተማር አይደለም።

ሁለተኛ ደረጃ፦ መምህሩ ራሱ መዘጋጀት

ተማሪዎች ከመሰማራታቸው በፊት የነገሩን አጥንት በትክክል ያዙ። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ ከምርት አንድ አሥረኛ ይከፈል የነበረውን የቀድሞውን አሥራት ተክቶ ገበሬው በምርቱ ግምት መሠረት እንዲከፍል የሚያዝ ነበር። በጎጃም መሬቱ በአብዛኛው ርስት ነው፤ በአባትም በእናትም ወገን ከአቅኚው አባት እየተቆጠረ ይወርዳል። ምርት ሊገምት የመጣ ሰው ነገ ገመድ ይዞ መሬቱን ይለካል፣ ተነገ ወዲያ ርስቱን ይነጥቀኛል የሚለው ፍርሃት ከዚህ ይነሣል። ይህ ፍርሃት ዐዋጁ ከመውጣቱ በፊትም ነበር፦ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. የወጡት የመሬት ግብር ዐዋጆችም በጎጃም ተቃውሞ ገጥሟቸዋል። በዚህ ላይ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ የደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ አስተዳደር በሕዝቡ ዘንድ እጅግ የተጠላ ነበር። ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት ተነሡ። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ገዥው ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ።

ይህን ሁሉ ለተማሪዎች በመጀመሪያው ቀን አትንገሩ። እናንተ የምታውቁት ተማሪው ተሳስቶ ሲመጣ እንድታርሙት ነው። ከነገራችሁት ግን ወደ ሽማግሌ ዘንድ የሚሄደው የእናንተን ቃል ለማስመስከር ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ

አርባ ደቂቃ አጭር ናት። ዓላማውን በሰሌዳ ጽፎ ማስገልበጥ ይቅር። በቀጥታ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ቤታችሁ አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር አለ? የማን ስም ሰፍሮበታል?» አብዛኛው የገበሬ ልጅ አይቶታል። የአባትም የእናትም ስም አለበት የሚል ይነሣል። ቀጥላችሁ «አያታችሁ መሬቱ የእርሳቸው መሆኑን በምን ያስረዱ ነበር?» በሉ። እዚህ ላይ ዝምታ ይሆናል፤ ዝምታውን አትሙሉት። አንዱ «በሰው ምስክር» ይላል፣ ሌላዋ «የትውልድ ሐረግ በመቁጠር» ትላለች። ያኔ ዋናውን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፉና እያንዳንዱ የመጀመሪያ ግምቱን በደብተሩ ጽፎ ከነቀኑ እንዲያስቀምጥ አድርጉ። ይህ ግምት በመጨረሻው ሳምንት ያስፈልጋል።

ጥብቅ ማሳሰቢያ፦ ደብተሩን ወደ ትምህርት ቤት አምጡ አትበሉ፤ የመሬት ስፋትም አታስነግሩ። በእኛ አገር የወሰን ጠብ ሰው ያስገድላል። በክፍል የተነገረ ስፋት ማታ የጎረቤት ወሬ ይሆናል።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልበል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። ውይይቱን በእንግሊዝኛ ካስገደዳችሁት ጥሩ ሐሳብ ያላት ተማሪ አፏን ትዘጋለች፣ የሚናገሩትም ሁልጊዜ ያው አምስት ልጆች ይሆናሉ። ክርክሩ በአማርኛ ይሁን፤ በአዊ ደግሞ ልጆቹ በቡድናቸው በአገውኛ ይነጋገሩ። ቁልፍ የሆኑትን ቃላትና የመጨረሻውን አንቀጽ በእንግሊዝኛ አስጽፉ። ያሰበውን የሚያውቅ ልጅ የእንግሊዝኛውን ቃል ለማግኘት ይተጋል።

አራተኛ ደረጃ፦ ተማሪዎችን ወደ ሽማግሌዎች መላክ

በ1960 ሃያ ዓመት የነበረው ጎረምሳ ዛሬ ሰማንያ ዓመት እየተጠጋ ነው። የምንጠይቃቸው ሰዎች በየዓመቱ እያነሱ ነውና ይህን ደረጃ ለሌላ ጊዜ አታቆዩት።

ወቅቱን ምረጡ። ሰብል በሚሰበሰብበት በኅዳርና በታኅሣሥ ማንም ተቀምጦ አያወራም። ጥር አጋማሽ እስከ የካቲት ጥሩ ነው። የእርሻ ሥራ የማይሠራባቸው የበዓል ቀናት፣ የማኅበር ቀንና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያለው ሰዓት ከሁሉ ይመቻሉ። ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ፤ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይጽፋል። ሴት ተማሪ ካለች ከዘመዷ ወይም ከሰፈሯ ልጅ ጋር አጣምሯት።

አጠያየቁን በክፍል አለማምዱ። «ዓመፁ ለምን ተነሣ?» ብሎ የሚጀምር ልጅ ሬዲዮ የተናገረውን ደግመው ይነግሩታል። ይልቁንም የሚታይ የሚዳሰስ ነገር ይጠይቅ፦ «አባባ፣ ገማቾቹ ሲመጡ እርስዎ የት ነበሩ? ማን ነገርዎት? ያን ቀን ምን አደረጉ? እህሉን የት ደበቃችሁት?» እማማዎች ሳይጠየቁ የመጣ ሥራ አትቀበሉ። ወንዶቹ ስለ ተኩስና ስለ ጀግና ያወራሉ፤ ሴቶቹ ግን ስንቁን ማን እንዳዘጋጀ፣ ልጆቹ የት እንዳደሩ፣ አውሮፕላን ሲመጣ ከብቱ ምን እንደሆነ ያስታውሳሉ። ብዙውን ጊዜ መጽሐፍ ላይ የሌለው እዚያ ይገኛል።

ዘመን መቁጠሪያው ሌላ ነው። አዛውንቶች «በጃንሆይ ጊዜ»፣ «ደርግ ሲገባ»፣ «እገሌ ዳኛ በነበረ ጊዜ» ይላሉ። ተማሪው «ልጅዎ ስንት ዓመቱ ነበር? ከመሬት ለአራሹ በፊት ነው በኋላ?» እያለ ዓመቱን ያስጠጋ። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅና በ1989 የተካሄደው የመሬት ድልድል ማንም የማይረሳቸው ምልክቶች ናቸው።

ፉከራ፣ ቀረርቶና ሙሾ ቢሰሙ እንደ ቃሉ ይጻፉ። ግጥም የገበሬው ጋዜጣ ነበርና ማን ገጠመው፣ በማን ላይ፣ በምን ቀን የሚለው ከግጥሙ እኩል ይፈለጋል። በስልክ መቅዳት የሚቻለው ባለቤቱ ሲፈቅዱ ብቻ ነው። የተቀዳውም ሆነ ፎቶው በቴሌግራምም በፌስቡክም አይለጠፍ፤ ይህን በክፍል ደንብነት አጽኑት። ደብተር ላይም ስም ሳይሆን «የ80 ዓመት ወንድ፣ ገበሬ» ተብሎ ይጻፍ።

አምስተኛ ደረጃ፦ ማስረጃውን መመዘን

ልጆቹ ይዘው የሚመጡት እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው። አንዱ አያት ከተማው ሁሉ ተነሣ ይላሉ፣ ሌላው እኛ አልተነሣንም ይላሉ። ሦስተኛዋ ግብሩን የከፈሉም ነበሩ፣ ቤታቸው ተቃጠለ ትላለች። ደስ ይበላችሁ፤ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ነው። የፊት ዴስክ ተማሪዎችን ወደ ኋላ አዙሩና በስድስት ስድስት ይቀመጡ። እያንዳንዱ ቡድን ለያዘው ቃል አራት ነገር ይመልስ፦ ተናጋሪው በቦታው ነበር ወይስ ሰምቶ ነው? በዚያን ጊዜ ምን ነበር፣ ገበሬ፣ ነጭ ለባሽ (የመንግሥት የአካባቢ ታጣቂ)፣ ጭቃ ሹም (የመንደር ሹም) ወይስ የሹም ልጅ? ይህን በመናገሩ የሚጠቀመው ወይም የሚያፍርበት ነገር አለ? ከሌላ ቡድን ቃል ጋር የሚገጥመው የቱ ነው?

ሽማግሌ ዋሸ የሚል ቃል ከተማሪ አፍ አይውጣ። «ያዩት ከዚህኛው በኩል ነው» ማለትን ይልመዱ። ይህን የምለው ለይሉኝታ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ እውነቱም እሱ ነው። ኮረብታው ላይ የነበረና ቆላ የነበረ ሰው ያው ዓመፅ ሁለት ሆኖ ነው የታያቸው።

አሁን እናንተ ያቆያችሁትን የዐዋጁን ይዘት፣ የገዥውን መነሣትና የውዝፉን መማር ሰሌዳ ላይ አኑሩ። ይህን ያገኙት ከራሳቸው ማስረጃ በኋላ ስለሆነ ይጠይቁታል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ በላ ልበልሃ

አባቶቻችን ችሎት ፊት ቆመው የሚሟገቱበት ሥርዓት አለ፤ ለክፍል ክርክር ከዚህ የሚሻል ከሩቅ የሚመጣ ዘዴ አያስፈልገንም። ክፍሉን በሁለት ወገን ክፈሉት። አንዱ «ዓመፁ የግብር ነው» ይበል፣ ሌላው «የአስተዳደር በደል ነው» ይበል። ወገን የሚደለደለው በዕጣ እንጂ በፍላጎት አይሁን፤ ልጁ ያላመነበትን ወገን ቆሞ ሲሟገት የሌላውን ምክንያት ከውስጥ ያየዋል። በመካከል አምስት ዳኞች ይቀመጡ፤ ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ።

ሁለት ሕግ ይበቃል። አንደኛ፣ ተናጋሪ ሁሉ ከመመለሱ በፊት ተከራካሪው ያለውን ደግሞ ይናገር፤ ተከራካሪውም «ልክ ብለሃል» ይበል። ሁለተኛ፣ ያለ ምስክር የተነገረ ነገር አይቆጠርም፤ ምስክሩም ከደብተሩ የተነበበ የሽማግሌ ቃል ወይም ሰሌዳ ላይ ያለ እውነታ ነው። ሁለተኛው ሕግ ባይኖር ክርክሩን የሚረታው አንደበተ ርቱዕ የሆነው ልጅ ነበር። የቆየው ሙግት ድክመቱ እሱ ነበርና እኛ ማረም አለብን። ዝምተኛዋ ልጅ ጥሩ ምስክር ይዛ ስትነሣና የተናጋሪውን ልጅ ነጥብ ስትጥል ክፍሉ ሌላ ይሆናል።

ዳኞቹ ማን ረታ አይሉም። የትኛው ማስረጃ እንደከበዳቸውና ምን እንደጎደለ ይናገራሉ። የጎደለው የቀጣዩ ሳምንት ሥራ ነው።

እልቂትን፣ ስቅላትንና የሰው ስቃይን በድራማ አታሠሩ። በላይ ዘለቀን የመረጠ ክፍል ስለ ፍርዱ ይሟገት፣ ገመዱን ግን ማንም አይጫወትበት።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ወደ ዛሬ መሻገር

መሬት ከተነሣ የዛሬው ጥያቄ ራሱ ይመጣል፦ ወንድሞቹ ብዙ የሆኑ ልጅ መሬት ከየት ያገኛል? ጤፍ የተዘራበት ማሳ ለምን ባሕር ዛፍ ሆነ? በአዊ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ማክሰል ቤተሰቡን ጠቅሟል ወይስ ጎድቷል? እነዚህም እንደ 1960ው ሁለት መልስ ያላቸው ናቸውና ያንኑ መንገድ ይከተሉ።

ያለዕድሜ ጋብቻን ስታነሡ ጥንቃቄው ይበልጣል። ሕጉ ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት ይላል፤ ይህን ግልጽ አድርጉ። «ከእናንተ መካከል ማን ታጭታለች?» ብላችሁ ግን በፍጹም አትጠይቁ። እማማዎች በስንት ዓመታቸው እንደተዳሩ፣ ባላቸውን መቼ እንዳዩት ተጠይቆ የመጣውን ያለ ስም ሰሌዳ ላይ አስፍሩ፤ ከእናቶች ዕድሜ ጋር አስተያዩት። ምን ለወጠው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሕጉ ወይስ ኑሮው? ክርክሩ እዚያ ይሁን። የጥያቄ ሣጥን በክፍሉ አኑሩ፤ ያለ ስም የተጻፈ ወረቀት በቃል ያልወጣውን ያወጣል። አንዲት ተማሪ ስለ ራሷ ብትነግራችሁ ጉዳዩ ከክፍል ወጥቷል፤ በዚያው ቀን ከእሷ ጋር ተነጋግራችሁ ለምታምናት ሴት መምህርትና ለርዕሰ መምህሩ አድርሱ።

የባለ እጆች ጉዳይም አለ። ማረሻውን ማን ቀጠቀጠው፣ ጋቢውን ማን ሸመነው፣ እንስራውን ማን ሠራው ብላችሁ ጀምሩ። ከዚያ ለምን ተናቁ? ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከማስነገር የደረሱበት ነገር እንዴት ዛሬም ቆየ? በክፍሉ የሸክላ ሠሪ ወይም የቀጥቃጭ ልጅ፣ የጉሙዝ ወይም የወይጦ ልጅ ሊኖር ይችላል። ማንንም ልጅ ስለ ወገኑ እንዲናገር አታስነሡ። ስድብ ከተሰማ ወዲያውኑ፣ በሁሉ ፊት፣ በአጭሩ አስቁሙ።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ትኩስ ቁስል ሲነካ

ባለፉት ዓመታት በክልላችን በተነሣው ጦርነት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፤ ሰው የሞተበት፣ ከቤቱ የተፈናቀለ ልጅ ከፊታችሁ ተቀምጧል። የ1960ው አውሮፕላን ሲነሣ የእሱ ልብ ሌላ ቦታ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ክርክሩ ወደ ዛሬው ጦርነት ሲያዘነብል «ይህን ዛሬ አንሟገትበትም» ብላችሁ በእርጋታ መልሱት፤ ማን ልክ ነው የሚል ሐሳባችሁንም አትናገሩ። ሰበቡ ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ በክፍል የተናገረው ልጅ ወደ ቤቱ የሚሄድበት መንገድ አለው። መጻፍ ለሚፈልግ አሥር ደቂቃ ስጡ፤ ወረቀቱን እናንተም አታንብቡት፣ ይዞት ይሂድ። የሚያለቅስ ልጅ እንዲወጣ ፍቀዱ፣ ጓደኛው ይከተለው፣ ከክፍለ ጊዜው በኋላ እናንተ ፈልጉት።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ ማስጻፍና መመዘን

የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ጉባኤ ያሳየን አንድ ነገር አለ፦ ተማሪው የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ከመምህሩ ፊት ይነግራል እንጂ የትናንቱን ይዞ አይመጣም፤ መምህሩም ያርምለታል። እኛም እንዲሁ እናድርግ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ ይጻፍ፦ የመጀመሪያ ግምቴ ይህ ነበር፣ ይህን ሰማሁ፣ ይህን አሰብሁ። ሃሳቡን ያልቀየረ ተማሪ ምክንያቱን ካሳየ ሙሉ ነጥብ ያግኝ።

ከተከታታይ ምዘናው ከሃያ ነጥብ ስምንቱን ለማስረጃው ጥራት፣ ስድስቱን ተቃራኒውን ሐሳብ በቅንነት ለማስቀመጡ፣ አራቱን ለአጻጻፉ፣ ሁለቱን ለቡድን ሥራው ስጡ። ሥልሳ ወረቀት ማረም አድካሚ ነውና በየሳምንቱ የአንድ ረድፍ ብቻ ሰብስቡ። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ይህ የነጥብ ድልድልና የልጆቹ ገጽ ከዕለታዊ ዕቅዳችሁ ጋር ተያይዞ ይቅረብ፤ የመጽሐፉን ምዕራፍ ቁጥር ከላይ ጻፉበት፣ ጥያቄው ከሥርዓተ ትምህርቱ ውጭ ነው እንዳይባል።

ስም ያልያዙትን ምርጥ ገጾች በአንድ ደብተር አስገልብጡና ለቤተ መጻሕፍቱ ስጡ፤ ሌላ ቅጂ ቃላቸውን ለሰጡት አዛውንቶች ቤት ይድረስ፣ ማንበብ የማይችሉትም ልጆቹ ያንብቡላቸው። «ይህ እንዲህ አልነበረም» የሚል እርማት ይመጣል። እርማቱን በቀይ እስክሪፕቶ ከገጹ ጎን ጻፉት፤ የሚቀጥለው ዓመት ክፍል ከዚያ ይጀምራል።